ቀዩ አንገቱ አልተመቸኝም

እኔ የሰው ጊታር ሲሰጡኝ የሰው መፋቂያ የተዋስኩ ነው የሚመስለኝ። አትሳቁ! ባለቤቴም ትስቅብኛለች። «ክሩ ስድስት፣ ቀዳዳው አንድ፣ ምኑ ነው የሚለየው?» ትለኛለች። ምን ታድርግ፣ ጊታር ይዛ አታውቅም። ጊታር የሚለየው በአንገቱ ነዋ! ድምፁን ጆሮ ይስማው፤ አንገቱን የሚያውቀው ግን መዳፍ ነው። መዳፍ ደግሞ አንዴ ከለመደ ቅምጥል ልጅ ማለት ነው፤ ጎረቤት ወስዳችሁ ብታበሉት ፊቱን ያዞራል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አይደል የሚባለው?

የእኔን መዳፍ ያቀማጠሉት ጋሽ ሱላሞ ናቸው። በደርግ ጊዜ ጊምቢቹ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከሆሳዕና ስመለስ ጊታሬን የአውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫንኩት። ከላዩ ላይ የድንች ጆንያ ከመሩበት። ስንደርስ ሆዱ ደህና፣ ክሮቹ ደህና፣ አንገቱ ብቻ ቀንጠስ ብሏል። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ጊምቢቹ ላይ ጊታር የሚጠግን ሰው ከየት ይመጣል? እንጨት የሚያውቁት ጋሽ ሱላሞ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ስማቸው የተጠራው በመጥረቢያ እጀታ ነው። ከሆመቾ ድረስ ሰው እየመጣ ይገዛቸዋል። ስብራቱን አገላብጠው አዩና «ቀላል ነው፣ እጀታ ነው» አሉኝ። እጀታ ሳይሆን አንገት ነው ብላቸው፣ ሰው የሚጨብጠው ነገር ሁሉ እጀታ ነው አሉኝ። ተከራከር እንግዲህ!

ከወይራ ጠረቡልኝ። መቼም የመጥረቢያ እጀታ ድብልብል እንዳይደለ ታውቃላችሁ። ድብልብል ከሆነ መዳፍ ውስጥ ይዞራል፣ ከዞረ ደግሞ እንጨት ሲሉት እግር ነው። ስለዚህ ሞላላ ነው፤ ግራ ቀኙ የተፋቀ፣ ጀርባው ሾል ያለ። ጋሽ ሱላሞም ሌላ ስለማያውቁ የጊታሬን አንገት ሞላላ አደረጉት። ጣት የሚያርፍበትን ጣውላ ከነሽቦው ከአሮጌው ላይ አንስተው ለጠፉበት። ጨበጥኩት። ወይ ጉድ! አውራ ጣቴ ተወልዶ ያደገበት ቤት የገባ መሰለ። ደስታዬ ለከት አጣ፤ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቆሜ እስኪሰለቻቸው ድረስ ተጫወትኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ጊታር አልነካሁም።

ጣጣው የመጣው የአውራጃው የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ሲፈልግ ነው። ፈተናውን ማለፍ ማለት ወደ ሆሳዕና መዛወር ማለት ነው። ለእኔ ደግሞ ሆሳዕና ማለት እጮኛዬ ናት፣ ያቺ ዛሬ የምትስቅብኝ። አባቷ ነገሩን አንድ ጊዜ ተናግረው ጨርሰውታል። ሆሳዕና ከገባህ ልጄን ውሰድ፣ ካልገባህ እዚያው ከጊታርህ ጋር ኑር ብለውኛል። ሰውዬው ደግሞ ከተናገሩ አይመለሱም።

ጊታሬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። የኪነቱ ኃላፊ ከላይ እስከ ታች አየውና «ጓድ፣ እንጨት ልትፈልጥ ነው የመጣኸው?» አለኝ። አውራጃው አዲስ ጊታር ገዝቷል፤ በርበሬ የመሰለ ቀይ፣ ፊት ያሳያል። በዚህ ነው የምትጫወተው አለኝ። ተቀበልኩ፣ ጨበጥኩ፣ አለቀልኝ። አንገቱ ድብልብል ያለ ዘነዘና! አውራ ጣቴ ቦታ አጥቶ ይዳክራል። ዘፋኟ ወደ ሺንሺቾ ስትሄድ እኔ ወደ ጊምቢቹ። ታምቡር መቺው እንኳ አዝኖ ያየኝ ጀመር። ኃላፊውም እስከ ዓርብ ካልተስተካከልክ ወደ መጣህበት ብሎ ቁርጤን ነገረኝ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ጋሽ ሱላሞ መጥተው ግራ ቀኙን ትንሽ ቢፍቁልኝ እድናለሁ። ግን ዕቃው የሕዝብ ንብረት ነው። ልፋቀው ብዬ ማንን ላስፈቅድ? በድብቅ ነው እንጂ! ከደብተር ላይ ቅጠል ገንጥዬ ይቺን ጻፍኩ፤

«ጋሽ ሱላሞ፣ ቀዩ አንገቱ አልተመቸኝም። እሱ እንዲህ እያለ እኔ ሆሳዕና መኖር አልችልም። ስለታም ዕቃዎን ይዘው ሐሙስ ይምጡ። ሰው ሳያይ ቶሎ እንጨርሰዋለን።»

ለእኔ ግልጽ ነው። ምን ይጎድለዋል? ወደ ጊምቢቹ ለምትመለሰው ቅቤ ነጋዴ፣ ለወይዘሮ አበበች፣ በቃልም ነግሬ ወረቀቱን ሰጠኋት። እሷም እንዳይጠፋባት ቅቤ በምትጠቀልልበት ኮባ መሀል ከተተችው። ኬላ ላይ ጠባቂው ዕቃዋን ሲፈትሽ ኮባውን ገለጠ፣ ወረቀቱን አገኘ፣ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ፤ ማን እንደላካት ጠይቆ ወረቀቱን ቀማት።

እኔ ለከተማው እንግዳ ነኝ፤ አንድ የማላውቀው ነገር ነበር። ያረፍኩበት ቀበሌ ሊቀመንበር መልካቸው ቀይ ነው። ከተማው ሁሉ በሌሉበት የሚጠራቸው «ቀዩ» እያለ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች መጡና ትፈለጋለህ አሉኝ። በዚያን ጊዜ «ማን ፈለገኝ?» ተብሎ አይጠየቅም። ተከትዬ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የራሴ ደብዳቤ በእሳቸው አፍ ሲነበብ ራሴው በራሴ ላይ ልፈርድ ምንም አልቀረኝም።

«ቀዩ ማነው?» አሉኝ።

«ጊታር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጊታር አንገት አለው?»

አለው እንጂ አልኩና ከአንገት በላይ ሳቅሁ። የሳቀልኝ የለም። ሱላሞ የሚባለውስ ምን ሠሪ ነው አሉኝ። የመጥረቢያ እጀታ ጠራቢ ናቸው አልኩ። «መጥረቢያ» ከአፌ ስትወጣ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እጮኛዬ ትዝ አለችኝ፣ አባቷም ትዝ አሉኝ፤ ሆሳዕና ገብቼ መቅረቴ ነው እንግዲህ አልኩ በሆዴ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው። ወይዘሮ አበበች ወረቀቱን ቢቀሟትም ቃሏን አልበላችም፤ መልእክቱን በአፏ አድርሳለች። ጋሽ ሱላሞ ሆሳዕና ደርሰው መምህሩ የታለ ሲሉ ቀበሌ ነው ተባሉ። ወዲያው በሩ ተከፈተ። ትከሻቸው ላይ መጥረቢያ፣ በእጃቸው መሮ! ቤቱን በአክብሮት እጅ ነሱና እንዲህ አሉ፤

«ቀዩ የታለ? ቶሎ አምጡልኝ፣ የሆመቾ ሰዎች ይጠብቁኛል።»

ሊቀመንበሩ ሳያስቡት አንገታቸውን ያዙ። ጠባቂዎቹ ዘለው መጥረቢያውን ነጠቁ። ጋሽ ሱላሞ ግን አልደነገጡም፣ ተናደዱ እንጂ። «ሥራ ብላችሁ ጠርታችሁ ዕቃ ትቀማላችሁ? ጊታሩ የታለ? ከጊምቢቹ ድረስ ያስመጣኝ አንገቱን ፋቅልኝ ብሎ ነው!» አሉ።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡ። ጊታሩ ከኪነቱ ቤት ይምጣ አሉ። መጣ። «ተጫወት። አንገቱ ካልተመቸህ ይሰማናል፤ ከተመቸህ ግን ደብዳቤው ስለ ሌላ አንገት ነው» አሉኝ።

ደስ አይልም? እኔ በዚያ ጊታር መጥፎ መጫወት ሰባት ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ነገር ነው! ጨበጥኩት። ጀመርኩ። ጉድ ፈላ! ጣቶቼ በረሩ። አንዲት ክር አልሳትኩም። ለካ የራሴ አንገት ሲያሰጋኝ የጊታሩን አንገት መዳፌ ረስቶታል። ተበላሽ እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ፣ እሱ ይብስ ያምራል።

ይባስ ብሎ ደግሞ ምን እየተጫወትኩ እንደሆነ ሰማሁት። ሰው ሲፈራ እጁ ወደ ልጅነቱ ነው የሚሮጠው። እኔ ጊታር የተማርኩት መዘምራን ውስጥ ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኖቻችን ታሽገው፣ መዝሙር በሹክሹክታ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በእነዚያ ባለ ጢሞች ፎቶ ሥር ቆሜ መዝሙር እደረድራለሁ! ላቆም እፈልጋለሁ፣ እጄ አይሰማኝም።

ይሄኔ ከወፍራም ጉሮሮ የወጣ እንጉርጉሮ ሰማሁ። ጋሽ ሱላሞ መሰሉኝ። አይደሉም። ሊቀመንበሩ ናቸው! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባስ የሚገባበት ቦታ ላይ ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ ገብተዋል። እዚያ ቦታ ላይ እንዲያ መግባት የሚችለው ዓመታት መዘምራን መሀል የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ጊታሩ ዝም ሲል ዓይናቸውን ገለጡ። ጠባቂዎቹ ትክ ብለው እያዩአቸው ነው። እሳቸው እኔን አዩ፣ እኔ እሳቸውን አየሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ።

«ጓዶች፣ መምህሩ እውነቱን ነው። ይህ አንገት ከባድ ችግር አለበት፤ ያልተጠየቀውን ሰው ሁሉ ያናግራል። መጥረቢያውን መልሱላቸው፣ አሁኑኑ ይፋቅ!»