ያልተመረቀችው መርከብ

ተረት ላምጣ? አምጣ ካላችሁኝ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንስሳት እንደ ሰው ስብሰባ መቀመጥ በጀመሩበት፣ ስብሰባቸውም እንደ ሰው ስብሰባ ፍሬ ባጣበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አንድ ደን ነበረ። በደኑ ጫፍ ተቆርጦ ውሃው ውስጥ የሚገባ ገደል አለ። ከገደሉ ወዲያ ደግሞ በበጋ የማይደርቅ ለምለም መስክ አለ። በየዓመቱ የካቲት ሲገባና ወዲህ ያለው ሣር ሲያልቅ፣ ልጅ ያላቸው ሣር በሎች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው በታንኳ የገደሉን ሥር እየታከኩ ወደ መስኩ ይሻገራሉ። በእግሬ ልሂድ ያለ በረሃውን መዞር አለበት፤ በረሃው ደግሞ ውሃ የለውም፣ ለግልገልም የሚሆን መንገድ አይደለም።

ታንኳዋ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለች ነበረች። እመት ኤሊ ከፊት ተቀምጣ መንገድ ትመራለች፣ ጉማሬ ከኋላ ይገፋል፤ እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት አሻግረዋል። በሃያ አንደኛው ዓመት ጥር ላይ ግን የታንኳዋ ሆድ በሰበሰ። አንድ ከርከሮ ሲሳፈር እግሩ ወለሉን በስቶ ወጣ፤ ታንኳዋም እዚያው ዳር ላይ ተቀመጠች፣ ዳግመኛም አልተነሳች።

ይህን ወሬ ከሰሙት ሁሉ ይበልጥ የደነገጠችው እመት ሚዳቋ ነበረች። በዚያው ሰሞን የወለደቻት አንዲት ግልገል አለቻት። ከእሷ በፊት የወለደቻቸውን ሁለቱን ነብር በልቶባታል፤ የቀረቻት ይህችው ብቻ ናት። ጡቷ ወተት የሚይዘው ሣር ስትበላ ነው፣ ሣሩ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ። «የካቲት ሳያልቅ ካልተሻገርኩ ልጄ አትተርፍልኝም» እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር።

የደኑ ሸንጎ ተሰበሰበና ምትክ የሚያፈላልግ ኮሚቴ አቋቋመ። አያ ጅቦ ሰብሳቢ፣ አቶ ዝንጀሮ ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ሰጎን የመስተንግዶ ኃላፊ ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጅብ ሣር አይበላም። ዝንጀሮ ገደሉን እየቧጠጠ ደስ ባለው ሰዓት ይሻገራል። ሰጎን በረሃውን በሁለት ቀን ሩጫ ትዞረዋለች። ከሦስቱ አንዳቸውም በዕድሜያቸው ታንኳ ተሳፍረው አያውቁም። ታዲያ ለምን እነሱ ተመረጡ ብትሉኝ፣ ሦስቱም ስብሰባ ላይ ጥሩ ይናገራሉ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በስም ጨረሱት። አቶ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገና «ታንኳ የሚለው ቃል ለደናችን ክብር አይመጥንም። የምንፈልገው መርከብ መባል አለበት» አለ። ማንም መርከብ አይቶ ባያውቅም ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ። በሁለተኛው ስብሰባ ልምድ ለመቅሰም ወደ ጎረቤት ሐይቅ እንዲሄዱ ወሰኑ። ሄዱና ሁለት ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ ሦስቱም ወፍረዋል። ያመጡት ሪፖርትም «የጎረቤቶቻችን መርከብ ባንዲራ አላት» የሚል ነበር።

እመት ኤሊ ይህን ስትሰማ ትዕግሥቷ አለቀ። በዝግታ ተጉዛ ሸንጎው መሐል ገባች።

«ልጆቼ» አለች፣ «የካቲት ገብቷል። እዚሁ እግራችን ሥር ደንገል ሞልቷል። ስድስት ቀን ስጡኝና ደንገሉን በነዶ በነዶ እያሰርኩ፣ ሁሉንም የምታሻግር ታንኳ እሠራላችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታንኳዋ ከውሃ ወጥታ፣ ዳር ላይ ቆማ ፀሐይ መሞቅ አለባት። ውሃ ውስጥ ካደረች ትከብዳለች፣ ከሰነበተች ትሰምጣለች።»

«የሣር ታንኳ?» አለች ወይዘሮ ሰጎን አንገቷን እየሰበቀች። «እንግዳ ቢመጣብን ምን ይለናል?»

«እንግዳው ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግልገሎቹ ግን ይሻገራሉ» አለች ኤሊ።

ሌላ የተገኘ ነገር ስላልነበረ እያጉረመረሙ ተቀበሉ። ኤሊ ለስድስት ቀን ሳትታክት አጨደች፣ ጠፈረች፣ አሰረች። በሰባተኛው ቀን አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ያለች፣ ቀለል ያለች፣ ደስ የምትል ታንኳ ውሃ ላይ ወጣች። እመት ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ እየሮጠች መጣች፣ የፊት እግሯንም አነሳች።

«ቁሚ!» አለ አያ ጅቦ። «ገና አልተመረቀችም።»

የዚያ ደን ደንብ እንዲህ ነበር። አዲስ ነገር ሁሉ ንጉሡ አንበሳ መጥቶ ሐረግ ሳይበጥስለት አይነካም። አዲስ ምንጭ ሲፈልቅ እንኳ ሳይመረቅ አይጠጣም፤ እንዲያውም አንዱ ምንጭ ንጉሡን ሲጠብቅ ደርቆ ቀርቷል። ንጉሡም የደረቀውን ምንጭ መርቆ፣ ተጨብጭቦለት ተመልሷል። በዚህ ያፈረ አልነበረም።

ወይዘሮ ሰጎን በታንኳዋ አፍንጫ ላይ አበባ ሰካች፣ ከዳር እስከ ዳርም ሐረግ ዘረጋች። ወደ ንጉሡም መልእክተኛ ተላከ። ንጉሡ ተኝተዋል ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ተነስተዋል፤ ነገር ግን በጎረቤት ደን፣ ውሃ በሌለው ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ ሊመርቁ ሄደዋል ተባለ። ታንኳዋ በዚህ ሁሉ ጊዜ አበባዋን እንደሰካች ውሃ ውስጥ ቆማለች።

እመት ኤሊ በየጠዋቱ እየመጣች ለመነች። «ሐረጉ ይቆይ፣ አበባውም ይቆይ። ታንኳዋን ብቻ ላውጣትና ትድረቅ።»

«ንጉሡ በድንገት ቢመጡስ?» አለች ሰጎን። «መርከብ ምድር ላይ ተጋድማ ሊያዩ ነው? መርከብ መርከብ የምትመስለው ውሃ ላይ ስትሆን ነው።»

«ኧረ እየጠጣች ነው፣ ወይዘሮ ሰጎን!» ብላ ኤሊ የታንኳዋን ጎን በጥፍሯ ጫን ብታደርገው ውሃ ወረደ። ሰጎን ግን ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች፤ የምትጠብቀው እንግዳ እንጂ ጉዞ አልነበረም።

እመት ሚዳቋም ወደ አያ ጅቦ ሄደች። በእሷ ላይ ሥጋ የሚባል አልቀረም፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ግልገሏ ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትተኛለች፣ ተነስታም እንደገና ትተኛለች።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረዎት፣ አንዴ ብቻ ያሻግሩኝ። ታንኳዋ ወዲያው ትመለሳለች፣ ማንም አያይም።»

«እመት ሚዳቋ፣ የእናትነትሽ ነገር ይገባኛል፣ አንጀቴንም በልተሽዋል» አለ ጅብ። «ግን ያልተመረቀ ነገር እንዴት ይነካል? ዛሬ አንቺን ባሻግር ነገ ድኩላ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ከርከሮ ይመጣል። ንጉሡ ሲደርሱ ያገለገለች መርከብ ሊመርቁ ነው?»

«ልጄ እኮ መቆም አቃታት!»

«ንጉሡ ሐሙስ ይመጣሉ።»

«ባለፈውም ሐሙስ ብለውኝ ነበር።»

«ሐሙስ አልኩ እንጂ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ተናግሬያለሁ?» አለና ፊቱን አዞረ። የሚገርመው፣ በዚያ ረሃብ ሣር በል ሁሉ ሲከሳ የአያ ጅቦ ሆድ ይወጠር ነበር። በየቁጥቋጦው ሥር የሚወድቁትን ግልገሎች ማን እንደሚያነሳቸው ሁሉም ያውቃል፣ ነገር ግን ሰብሳቢ ስለሆነ ማንም አይናገርም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ታንኳዋ ግማሿ ውሃ ውስጥ ገብቶ ታየ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ታንኳዋን አውጥቶ ማድረቅ ለማንም ትዝ አላለውም። አቶ ዝንጀሮ ግን የተማረ ነውና መፍትሔ አላጣም። «ከሥሯ አራት ባላ እንትከል። ከፍ ብላ ትታያለች፣ የተንሳፈፈችም ትመስላለች» አለ። አራት ባላ ተተከለና ታንኳዋ በባላዎቹ ላይ ተቀመጠች። ከሩቅ ለሚያያት የምታምር መርከብ ሆነች። ሦስቱም በሥራቸው ረክተው ተጨባበጡ።

በማግስቱ ንጉሡ አንበሳ መጣ። እመት ሚዳቋ ጎህ ሲቀድ ጀምራ ከሰልፉ ፊት ቆማለች፣ ግልገሏም ከእግሯ ሥር ተኝታለች። አንበሳው ጎፈሩን አራግፎ ንግግር ጀመረ። ስለ ደኑ ታላቅነት ተናገረ፣ ስለ አባቱ ተናገረ፣ በመጨረሻም ስለ ራሱ ብዙ ተናገረ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ሚዳቋ በምላሷ ግልገሏን እየላሰች «አይዞሽ፣ ደረስን እኮ፣ ትንሽ ቀረን» ትላታለች። አንበሳው በስተመጨረሻ ሐረጉን በጥርሱ በጠሰው፣ ጭብጨባውም ሐይቁን አናወጠው። ከዚያ ሌላ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ጥላ ሥር ሄደ።

ሚዳቋ የግልገሏን አንገት በአፏ ይዛ ወደ ፊት ተራመደች።

«ቆይ ቆይ!» አለች ሰጎን። «የመጀመሪያው ጉዞ የኮሚቴው ነው። ተሳፋሪ በሁለተኛው ነው።»

አያ ጅቦ ሆዱን እየጎተተ ወጣ፣ አቶ ዝንጀሮ ተከተለው፣ ሰጎንም ክንፏን ዘርግታ መሐል ላይ ቆመች። ጉማሬ ባላዎቹን ነቀላቸው። ታንኳዋ አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ አላለችም። አበባዋን እንደያዘች፣ ሦስቱን እንደ ጫነች፣ ቀጥ ብላ ወረደች። ጅብ ጮኸ፣ ዝንጀሮ በሰጎን አንገት ላይ ተንጠለጠለ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ባለሥልጣኖቹን ለማዳን ውሃ ውስጥ ዘለለ። ውሃው ደግሞ ከጅብ ጉልበት አይበልጥም ነበር።

ሚዳቋ አልዘለለችም። ግልገሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ብታያት ትንፋሿ የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ከጉልበት ውሃ ውስጥ ጅብ ሲያወጣ እሷ ብቻዋን ዳር ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ግልገሏን አንድ ቁጥቋጦ ሥር አስተኝታ በቅጠል ሸፈነቻት፣ ከጎኗም ተቀመጠች። ማምሻው ላይ ጥሟት ውሃ ልትቀምስ ወርዳ ስትመለስ ቅጠሉ ተበትኖ አገኘችው። ግልገሏ የለችም።

ምርመራ ተካሄደ። አቶ ዝንጀሮ በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ «የምረቃው ሥነ ሥርዓት በደማቅ ሁኔታ ተከናውኗል» ብሎ ጻፈ። ጥፋተኛ መገኘት ስላለበት ደግሞ እመት ኤሊ ተጠራች።

«ደንገል ውሃ ይጠጣል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር» አለች ኤሊ።

«በጽሑፍ አቅርበሻል?» አለ ዝንጀሮ።

«መጻፍ አልችልም፣ ልጄ። ግን ሁላችሁም ሰምታችሁኛል።»

«በጽሑፍ ያልቀረበ ነገር አልተነገረም» ብሎ ዝንጀሮ መዝገቡን ዘጋ። ኤሊ ከዚያች ቀን ጀምሮ ደንገል እንዳትነካ ተፈረደባት። ደኑ ውስጥ ታንኳ መሥራት የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗን ለማስታወስ አንድ አፍ እንኳ አልተከፈተም።

ሳምንት ሳይሞላ ሸንጎው እንደገና ተሰበሰበ። ለሰመጠችው መርከብ ምትክ የሚያፈላልግ አዲስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባላቱም እነዚያው ሦስቱ ሆኑ። ልምድ ስላላቸው ተባለ። አያ ጅቦ ግን በዚህ ጊዜ ለተሳፋሪው ማሰቡን ማሳየት ፈለገ። ዓይኑን በሸንጎው ላይ አዙሮ ጥግ የቆመችውን ሚዳቋ ጠራት።

«እመት ሚዳቋ፣ አንቺን የተሳፋሪዎች ተወካይ አድርገን መርጠንሻል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ኀዘንሽ ኀዘናችን ነው። ከእንግዲህ ልጅም ስለሌለሽ ለስብሰባ ጊዜ አይቸግርሽም።»

ሸንጎው አጨበጨበ። ሚዳቋ በቀስታ መጣችና ከጅብ ፊት ቆመች። እስከዚያች ቀን ድረስ እርስዎ ከማለት በቀር በሌላ ጠርታው አታውቅም ነበር።

«ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አያ ጅቦ» አለችው። «ልጄን የበላሃት አስመርቀህ ነው?»