አፋንዴ፣ እኔንም ጠይቀኝ

ሰው አደገ የሚባለው መቼ ነው? ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ነው። አንዱ ጢም ሲያወጣ ነው ይላችኋል፣ አንዱ ደመወዝ ሲቆረጥለት፣ አንዱ ትዳር ሲይዝ። የኛ ሞያሌ ግን በዚህ ጉዳይ አትጨቃጨቅም። እዚህ ማደግህን የሚነግርህ ፖሊስ ነው።

አትሳቁ እንጂ፣ ስሙኝ። እኔ የምኖረው በኬንያው ሞያሌ ነው። ማዶ የኢትዮጵያው ሞያሌ አለ። መሀላችን ድንበር ነው ይባላል፤ ለኛ ግን በርበሬ ሲያልቅ ድስቱን ጥደን ሄደን ወጡ ሳያር የምንመለስበት መንገድ ነው። ታዲያ እዚህ መንገድ ላይ የኬንያ ፖሊስ ይቆማል። ስሙን አላውቀውም፣ ሁላችንም "አፋንዴ" ነው የምንለው፤ ፖሊስ ሁሉ እዚህ አፋንዴ ነው። ትልቅ ሰው ሲያይ "ኪፓንዴ!" ይላል፣ መታወቂያህን አሳይ ማለቱ ነው። ልጅ ሲያይ ደግሞ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን ወዝወዝ አድርጎ "ፒታ፣ ቶቶ!" ይላል። እለፍ አንተ ልጅ።

እናም አንድ ቀን፣ ስንት ዓመት "ፒታ ቶቶ" ሲባል የኖረው ልጅ እንደ ልማዱ ሊያልፍ ሲል "ና ወዲህ! ኪፓንዴ?" ይባላል። አለቀ! ያ ልጅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰው ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት የሚገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ፖሊስ እንዳያስቆመው ይጸልያል፣ የኛ ልጆች እንዲያስቆማቸው ይሳላሉ።

የኔ ናቲ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመቱን ያዘ። አቤት ጉድ! አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ቤታችሁ ያለ ሰዎች፣ እግዜር ያበርታችሁ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ አደገ። እጁ ከትከሻው ወርዶ ወርዶ የት እንደሚያደርገው ቸገረው። ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲሄድ አንድ ነገር ሳይጥል አይደርስም። ጠዋት እየሳቀ ይነሳል፣ ቁርስ ላይ ያኮርፋል፣ ምን ሆንክ ስለው "ምንም" ይላል፣ "ምንም" ካለ በኋላ ደግሞ ለምን አልጠየቅሽኝም ብሎ ይቆጣል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ወይ ይቀድመኛል ወይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አጠገቤ ከሄደ እናት እንዳለው ሰው ያውቅበታላ!

መስታወቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። እዚህ አገር ሆቴል ነው የሚሏት፣ አልጋ ግን የላትም። ያለችኝ መስታወት አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም እጅ መታጠቢያው ላይ ናት። ናቲ እዚያ ተገትሮ የላይኛውን ከንፈሩን ይመረምራል። ደንበኞቼ እጃቸው በሳሙና እንደተለቀለቀ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር አብሮት ጎንበስ ብሎ ፈለገለትና "ወንድሜ፣ እኔ ምንም አላየሁም" ብሎት አረፈው።

ይህ ሁሉ ችግር የመጣው በጉዮ ነው። ጉዮ ጓደኛው ነው፣ የኦዳ መንደር ልጅ። ቁመቱ የናቲን ብብት አያልፍም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጢም አለው! ጢሙን ያየ አፋንዴ አስቆመው፣ ኪፓንዴ አለው፣ ተከራክሮ አለፈ። ይህንንም በክፍሉ ሁሉ ፊት ተረከ። ቦንቱ ፊት ማለት ነው። ቦንቱ ማን ናት? እኔ ምን አውቄ፣ ናቲ ስለ ቦንቱ አንድም ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ስሟ በተጠራ ቁጥር ግን ጆሮው ቲማቲም ይመስላል፣ ጆሮ ማየት ደግሞ አልተከለከልኩም።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ በበኩሌ እንዳይጠየቅልኝ ነበር የምጸልየው። በርበሬዬን፣ ሽሮዬን፣ ቅመሜን ከማዶ የሚያመጣልኝ ናቲ ነው። ልጅ ስለሆነ ማንም አያስቆመውም፤ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ይመጣል። ኪፓንዴ የሚሰጠው ደግሞ አሥራ ስምንት ሲሞላ ነው። በዚህ መሀል አፋንዴ ትልቅ ሰው ነህ ካለው ምን ይዞ ይለፍ? እኔስ ድስቴን ጥዬ ልሂድ? ከሱም ሌላ... እሺ፣ ሌላም አለ። ትንሽ ቢቆይልኝ ምን ነበረበት? እናት ነኝ፣ በዚህ አትፍረዱብኝ።

እሱ ግን ቆርጦ ተነሳ። መጀመሪያ በአፋንዴ ፊት ቀስ ብሎ ማለፍ ጀመረ። ፒታ ቶቶ። ቆም ብሎ ወገቡን ይዞ ሰማይ አየ። ፒታ ቶቶ። የአባቱን ጃኬት ለበሰ፣ በዚያ ሙቀት! አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጃኬቱ ለናይሮቢ ብርድ የተገዛ ነው። ላቡ እየተንጠፈጠፈ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ አፋንዴ አዘነለትና የጠፋብህ ዕቃ አለ ወይ አለው። ለአባቱ ስልክ ደውዬ ልጅህ በጢም ምክንያት ሊያብድብኝ ነው ብለው፣ "ያው ይበቅላል" ብሎ ዘጋው። ወንዶች!

ከዚያ ነው ሂናው የመጣው። ኦቦ ጃተኒ የሚባሉ የዳበል መንደር ሰው አሉ። ፍየልና ግመል ነጋዴ ናቸው፣ ገበያ ሲመጡ እኔ ጋ ነው የሚበሉት። ጢማቸውን ሂና ያደርጋሉ፣ ደስ የሚል ቀይ ነው። ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይልላቸዋል። ናቲ ይህን አየ፣ አየና አሰላ። የኔ ጢም በቅሏል፣ ቀለም አጥቶ ነው እንጂ የማይታየው፣ አለ ለራሱ። ሱቅ ሄዶ ሂና ገዛ፣ በጠበጠ፣ ከንፈሩ ላይ ለደፈ፣ ተኛ።

ጠዋት የጮህኩትን ጩኸት ማዶም የሰማ አለ። ሂናው ፀጉር ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ቆዳውን ያዘው። ከአፍንጫው ሥር እስከ ከንፈሩ ብርቱካንማ! በሳሙና አሸን፣ በሎሚ አሸን፣ ጭራሽ አበራ። ኦቦ ጃተኒ ሻያቸውን ሊጠጡ ገብተው አዩት። ሳቃቸውን በብርጭቆው ሸፍነው ቆዩና "እኔ ይህን የምቀባው ሽበቴን ደብቄ ወጣት ለመምሰል ነው። ይሄ ልጅ ወዴት ነው የሚሮጠው?" አሉኝ።

ናቲ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እንደዚያው ሆኖ ወደ ማዶ ሄደ። ሲመለስ አፋንዴ አየው። እጁን ሊያወዛውዝ አነሳና መሀል ላይ ተወው። "ና ወዲህ!" አለው። በቃ፣ የናቲ ልብ ልትፈነዳ! ቀረበ። አፋንዴ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አየ፣ አየ፣ ከኪሱ መሀረብ አወጣና "ማንጎ ስትበላ አፍህን ጥረግ እንጂ" ብሎ ሰጠው።

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ እየሳቀ ሆዱን ያዘ፣ ወሬውም ከናቲ ቀድሞ ምግብ ቤቴ ደረሰ። ናቲ ቤት ገብቶ ዘንቢሉን ወርውሮ ምሳ አልበላም አለ። ናቲ! ምሳ! ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ። እንደዚያ አንጀቴን በልቶኝ አያውቅም። ስትስቁ የነበራችሁ ሁሉ ዝም በሉ ብዬ ደንበኞቼ ላይ ጮህኩ፤ ከሁሉም አብዝቼ የሳቅኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላናግርም አለ። ስጠራው ይመጣል፣ ስልከው ይሄዳል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንድ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። ቀለሙ እየለቀቀ ሄደ፣ ኩርፊያው ግን ባለበት ነው። እኔም ይብረድለት ብዬ ተውኩት። ለካ እሱ አፉን ዘግቶ ሲያኮርፍ ውስጥ ውስጡን ሌላ ሥራ እየተሠራ ነው! ማን ሰምቶ? እሱ ራሱስ ሳይናገር በምን ይወቅ?

አንድ ቀን ከሰዓት በርበሬ አለቀብኝና ላክሁት። አቀርቅሮ ሄደ፣ አቀርቅሮ ተመለሰ። ጢሙንም ሰውነቱንም ረስቶታል። አፋንዴ እንደ ወትሮው "ፒታ ቶቶ" አለው። ናቲ ደግሞ ምንም ቢያኮርፍ ጨዋ ልጅ ነው፣ "አሳንቴ" አለ፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ያ ምን ዓይነት ድምፅ ነው! የሙሉ ሰው፣ የጎረምሳ፣ ከሆድ የሚወጣ ጎርናና ድምፅ! አፋንዴ ማነው የተናገረው ብሎ ከናቲ ጀርባ ፈለገ አሉ። ሰው የለም። ናቲም ደንግጦ ከጀርባው ፈለገ። ከዚያ አፋንዴ ኮስተር አለና "ኪፓንዴ?" አለው።

ጉዮ ሲበር መጣ። "ማማ ናቲ! ማማ ናቲ! ናቲ ተያዘ!" ድስቱን ጥጄ፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ስደርስ አግዳሚው ላይ መታወቂያ ያልያዙ ሰዎች ተደርድረዋል። አንድ የመኪና ረዳት አለ፣ አንድ ከጎዶማ መንደር የመጣ ፍየል ነጋዴ አለ፣ ሁሉም ፊታቸው ጨልሟል። መሀላቸው ናቲ እግሩን አነባብሮ፣ በርበሬውን ታቅፎ፣ ፊቱ በርቶ ተቀምጧል። ተይዞ እንደሱ ደስ ያለው ሰው ዓይቼ አላውቅም። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ግራሩ ሥር ቦንቱ ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች።

"አፋንዴ፣ ይሄ እኮ ገና ል..." ብዬ ልጀምር ስል የናቲን ዓይን አየሁ። እማ፣ በእናትሽ፣ ይላል ዓይኑ። ምን ይዋጠኝ? ልጅ ነው ካልኩ ይለቀዋል፣ ቦንቱም ትሰማለች፣ እኔም እስክሞት ይቅርታ አላገኝም። ትልቅ ነው ካልኩ ኪፓንዴው የታለ? ወጤ ደግሞ እያረረ ነው።

ቀረብ ብዬ በጆሮው ልነግረው አፌን ጠጋ ሳደርግ አፋንዴ እሳት እንደነካው ወደ ኋላ አለ። "ማማ! እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም!" ብሎ ጮኸ። ጉቦ ላቀርብለት መስሎት! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማማሰያዬን ከጀርባዬ ደብቄ "አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ግን ጮክ ብለህ አትናገር። ያቺ ልጅ እያየች ነው" አልኩት በሹክሹክታ።

አፋንዴ ወደ ግራሩ አየ። ቦንቱን አየ። ናቲን አየ። እሱም አንድ ቀን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር መሰለኝ፣ ቆቡን አስተካከለና ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያ በመንግሥት ድምፁ "ይሄ ሰውዬ በዋስ ተለቋል! ሁለተኛ ያለ ኪፓንዴ እንዳላይህ፣ ብዋና!" አለ። ብዋና! ጌታዬ እንደማለት ነው! የኔን ናቲ! ናቲ ሲነሳ እዚያው ስንዝር የጨመረ መሰለኝ። ቦንቱ ፈገግ አለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እንባዬ መጣ፣ አፋንዴን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ምነው ባላሰብኩት! አፋንዴ በርኅራኄ ጎንበስ አለልኝና "በይ ሾሾ፣ የልጅ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፣ መሽቶብሽ እንዳትወድቂ" አለኝ።

ሾሾ? እዚህ ሾሾ የሚባለው አያት ነው! የትኛዋን ሾሾ ነው ብዬ ከጀርባዬ ፈለግሁ። ሰው የለም። እኔ ነኝ! ገና አርባን በቅጡ ያልደፈንኩ ሴት! ኪፓንዴዬን ከጉያዬ መዝዤ "እየው! የተወለድኩበትን እየው!" አልኩት። እሱ እቴ፣ ዓይኑንም አላሳረፈበትም። "ሾሾዎችን አንጠይቅም" ብሎ እጁን ወዝወዝ አደረገልኝ። ለናቲ ያደርጋት የነበረችውን፣ ያቺኑ የዝንብ ማባረሪያዋን!

መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። ለካ ስንት ጊዜ ነው ማንም ሳይጠይቀኝ የማልፈው! እኔ ወጤ ቢጣፍጥ ነው፣ ስሜ ቢገን ነው እያልኩ እኮ ነበር የምንቀባረረው።

ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት ተገተርኩ። ሽበት እዚህ፣ ሽበት እዚያ። ደንበኞቼ እጃቸውን በሳሙና ለቅልቀው ከጀርባዬ ተሰለፉ። ናቲ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየው ትከሻዬን አቀፈኝ። በዚያ በአዲሱ ድምፁ "እማ፣ ከሂናው የተረፈ አለ" አለኝ።

ልጄ ከእንግዲህ መታወቂያ የሚጠየቅ ሰው ነው፣ እንግዲህ ለበርበሬው የምሄደው እኔው ሆንኩ። ሂናውን ፀጉሬን ግጥም አድርጌ ተቀባሁ፣ በማግስቱ ነጠላዬን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጌ ወጣሁ። አፋንዴ ፊት ስደርስ ቀስ አልኩ። ቆም ብዬ ወገቤን ይዤ ሰማይ አየሁ። "ሲማማ!" አለኝ፣ ቁሚ ማለቱ ነው። ልቤ ዘለለች። እጄ ወደ ጉያዬ፣ ወደ ኪፓንዴዬ ሮጠ።

አፋንዴ ቀረበኝ፣ ሂናው የወረደበትን ግንባሬን አየ፣ አየ፣ መሀረቡን አወጣ። "ሾሾ፣" አለኝ፣ "እናንተ ቤት ማንጎ የሚበላው በምንድነው?"