ከላይ የመጣ ዜማ

በዚህ ዓለም ላይ አዲስ ዜማ የሚባል ነገር የለም። ያለው ከየት እንደሰማው የረሳ ሰው ብቻ ነው! አውቃለሁ... ዜማ የምትደርሱ ሁሉ አሁን ፊታችሁን አጨፈገጋችሁብኝ። ግድ የለም። እኔ ዜማ ደራሲ አግብቼ የምኖር ሴት ስለሆንኩ ከእናንተ የባሰ ኩርፊያ ለምጃለሁ።

ባለቤቴ በረከት ይባላል። በሥራ ቀን በምንኖርባት የሆላንድ ከተማ በዞተርሜር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን ይውላል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ዴንሃግ ባለችው ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ እየተጫወተ መዘምራኑን ይመራል። መዘምራን ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንዱ ወንድም ፈረቃ ከገባ ወፍራም ድምፅ የሚባል ነገር የለንም። እኔም ከዘማሪዎቹ አንዷ ነኝ። በምን መስፈርት እንደተመረጥኩ አትጠይቁኝ፤ የመሪው ሚስት መሆን ድምፅን በጣም ነው የሚያሳምረው።

ከእኛ በላይ ባለው ቤት ወይዘሮ ሜና ይኖራሉ። ከስሪላንካ የመጡ ታሚል ናቸው፤ ነርስ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸውን ሲያጸዱ የአንድ የታሚል ፊልም ሙዚቃ ይከፍታሉ። የአንድ! ሁልጊዜ ያንኑ! መጀመሪያ ቫዮሊኖች ይመጣሉ፤ ጥቁር ኮት የለበሱ ፈረንጆች ተደርድረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጫወቱት ዓይነት። "ተመስገን፣ ዛሬስ በሰላም ልንውል ነው" ስትሉ... የቤተ መቅደስ ከበሮ ይወርድባችኋል! ከበሮው ሳያባራ አንድ ረጅም ጥሩንባ፣ ከጥሩንባው በላይ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት። ምሥራቅና ምዕራብ እኛ ኮርኒስ ላይ ሰርጋቸውን ይደግሳሉ በሉት። እውነቱን ለመናገር እኔ ወድጄዋለሁ። ዕቃ ሳጥብ ትከሻዬ ሳላዘው ይነቃነቃል።

በረከት ግን ያንገሸግሸዋል። "ይሄ ሙዚቃ ነው? ይሄ የዕቃ መደርደሪያ ሲወድቅ ነው!" ይላል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ "ይሄ ኦቨርላስት ነው! ለቤት አከራዩ ነው የምከሳቸው!" ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ኦቨርላስት እዚህ አገር ጎረቤት ሲረብሽ የሚከሰስበት ቃል ነው። ሆላንድ ከገባን ጀምሮ በረከት አጥርቶ የያዘው ቃል እሱ ነው።

ቆይቶ ቆይቶ ተመለሰ። በእጁ አንድ ሳህን ጣፋጭ፣ በጢሙ ላይ የኮኮናት ፍርፋሪ።

"ነገርካቸው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ስለ ጩኸቱ ነዋ!"

"እ... በጣም ጥሩ ሴት ናቸው እኮ። ለቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ጋበዝኳቸው።"

ጀግናዬ!

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ፣ በረከት ፎጣውን እንዳገለደመ፣ አረፋው ከጆሮው ሳይወርድ ከመታጠቢያ ቤት እየሮጠ ወጣ።

"ቤዛ! ቤዛ! ዜማ ተሰጠኝ! ከላይ መጣልኝ!"

ኪቦርዱን ከፈተና ተጫወተው። መጀመሪያ ቫዮሊን። ቀጥሎ ከበሮ። ቀጥሎ ጥሩንባ...

"በእርግጥ ከላይ ነው" አልኩ ወደ ኮርኒሱ እያየሁ። "በረከት፣ ይሄ የወይዘሮ ሜና ሙዚቃ አይደለም እንዴ?"

ምሳው ላይ የተፋሁበት ነበር የሚመስለው።

"ጸልዬበት ነው ያገኘሁት! ምሥራቅና ምዕራብ የሚገናኙበት ዝማሬ ነው። ከመሰለሽም አምባሰል ስላለበት ነው።"

አምባሰል! ልብ በሉልኝ። አምባሰል ዞተርሜር ድረስ መጥታ እኛ መታጠቢያ ቤት ምን ትሠራለች? ግን ወደ ዕቃ እጥበቴ ተመለስኩ። ያንን ሁሉ ቅዳሜ ጆሮውን በትራስ እየደፈነ የሸሸው ዜማ በየት በኩል እንደገባበት ሰውየው ራሱ አያውቅም። ደግሞ ደስታው! ግጥሙን ጻፈ፣ እኛን አስጠና፣ እንባ በእንባ ሆንን። ስለ ሙሽራውና ስለ ሙሽሪት የሚናገር እጅግ መንፈሳዊ መዝሙር ወጣው።

የበዓሉ ቀን ከወይዘሮ ሜና ጋር አብረን ትራም ተሳፈርን። አረንጓዴ ሳሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው አምረዋል። ገና ከዞተርሜር ሳንወጣ ግን ማንጎራጎር ጀመሩ... ያንኑ! እኔ ሳል ያዘኝ። እሳቸው ባንጎራጎሩ ቁጥር እኔ እስላለሁ። አጠገባችን የተቀመጠ ሆላንዳዊ ተነሥቶ ቦታ ቀየረ። በረከት ግጥሙን እየከለሰ ስለነበር ምንም አልሰማም።

ቤተ ክርስቲያን ደረስን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሽማግሌዎቻችን ትልቁ ጋሽ ተክሉ በዓሉን ከፈቱ። ጋሽ ተክሉ እዚህ አገር ኖረው ኖረው ከደች ቋንቋ "ዳንክ ዩ" ከምትባለው ምስጋና በስተቀር አንዲት ቃል ጆሯቸው ያላስገቡ ሰው ናቸው። "አሁን ደግሞ ወንድም በረከት ጌታ የሰጠውን አዲስ ዝማሬ ያሰማናል" አሉ።

ቫዮሊኑ ገባ። ወይዘሮ ሜና ቀና አሉ። ከበሮው ገባ። ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ይውጠኝ እያልኩ አዝማቹ ላይ ስንደርስ... ብድግ! እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ልጃገረድ በጠራ ድምፅ፣ በታሚልኛ አንቆረቆሩት! ከእኛ ከመዘምራኑ ሁሉ አስበለጡት። ወገባቸውንም ትንሽ... እሱን እንተወው።

"በልሳን ተናገሩ!" አለች አንዲት እህት ከኋላ።

ወዮ! አዳራሹ ተነሣ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ለቅሶ! ጋሽ ተክሉ ማይኩን ይዘው ከተፍ አሉ።

"ልሳን ሲመጣ ትርጉም ያስፈልገዋል! ቤዛ ልጄ፣ ጎረቤትሽ ናቸው አይደል? ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኋቸው። ወይዘሮ ሜና ማይኩን ተቀብለው፣ ፈገግ ብለው፣ በጠራ ደች፦

"የፊልም ዘፈን ነው እኮ! ልጁ ልጅቷን ሊያስኮበልል ነው። ፍጠኚ፣ አባትሽ እየመጣ ነው፣ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቻለሁ ነው የሚላት!"

አስቡት እንግዲህ። ደች የሚሰማው ግማሹ ጉባኤ ነው። ወጣቶቹ ራሳቸውን ወንበር ሥር ቀበሩ። በረከት ጣቱ አንድ ቁልፍ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ኪቦርዱ እንደ ታመመ ሰው "እ..." ይላል። ጋሽ ተክሉ ማይኩን አፌ ላይ ደቅነውታል። እንዳልዋሽ ግማሹ ሕዝብ ሰምቷል፤ እውነቱን እንዳልናገር ባሌ እዚያው ሞቶ መቅረቱ ነው። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፦

"'ፍጠኚ፣ አባትሽ እየመጣ ነው' ነው የሚሉት..."

"አሜን!!!" ጋሽ ተክሉ ማይኩን ነጠቁኝ። "ሰማችሁ ወገኖቼ? ፍጠኚ የተባለችው ማን ናት? ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን ናታ! አባት እየመጣ ነው!"

"ጋሼ፣ አልጨረስኩም... ሞተር ሳይክል አለ..."

ማን ይስማኝ! እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

ስንመለስ ትራም ውስጥ በረከት ወይዘሮ ሜናን ይቅርታ ጠየቃቸው። ፊቱ አመድ መስሏል። እሳቸው ሳቁ።

"ለምን ይቅርታ? ዜማውን የሠራው ሰው ቫዮሊኑን ከአውሮፓ፣ ከበሮውን ከመንደራችን መቅደስ ነው የወሰደው። እሱን ማን ጠየቀው? ግን አንድ ነገር... አዝማቹ መሐል ላይ ይወጣል፤ አንተ ወረድክ። አበላሸኸው።"

መውሰዱን በሳቅ ያለፉለት ሴት ማበላሸቱን ግን አላለፉለትም። በረከትን የጎዳውም ይኼኛው ነው። እስከ ዞተርሜር አዝማቹን በጣቱ ጉልበቱ ላይ ሲፈልግ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ ግን፣ እኔ ሳልጎተጉተው፣ ጉባኤው ፊት ቆመ። ከመዘምራን ሊያስወጡት እንደሚችሉ ያውቃል፤ ያቺ ኪቦርድ ደግሞ የሳምንቱ ካርቶን ሁሉ የሚረሳባት ናት። ስቄበት ስቄበት በዚያች ሰዓት አንጀቴን በላው።

"ዜማው የፊልም ነው" አለ። "አውቄ አይደለም። ከላይ ቤት እየሰማሁት ገብቶብኝ ነው። እህታችንም በልሳን አልነበረም፣ በታሚልኛ ነው።"

ጋሽ ተክሉ ቀስ ብለው ተነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልሳን አልነበረም?"

"አልነበረም ጋሼ።"

"አንድ ጎረምሳ የሰው ልጅ በሞተር ሳይክል ሊያስኮበልል ነው?"

"አዎ... ጋሼ።"

"አባትየውም እየመጣ ነው።"

"አዎ።"

ጋሽ ተክሉ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"ታዲያ... ደረሰባቸው?"

ጉባኤው በሙሉ ወደ በረከት አንገቱን አሰገገ። በረከት ወደ እኔ። እኔ ወደ ጣሪያው። የሚያውቅ ጠፋ!

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ። ወንድም በረከት ነገሩ እስኪጣራ ድረስ አዲስ ዜማ ከመቀበል ይታቀብ፤ ኪቦርዱን ግን ይቀጥል። ጉዳዩን ለማጣራትም ሽማግሌዎቹ በሙሉ ቅዳሜ ወይዘሮ ሜና ቤት ሄዱ። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቃል በቃል እያስተረጎሙ መረመሩ። ወይዘሮ ሜና ወደ ደች ሲመልሱ፣ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔው ነኝ። ጣፋጭ ቀረበ፤ እሱንም መረመሩ። ልጅቷ ስታለቅስ ጋሽ ተክሉ መሐረብ አወጡ።

ሲወጡ ደረጃው ላይ "እንግዲህ ጋሼ፣ ተጣራ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቆጣ አሉ። "እንዴት ተደርጎ ይጣራል? ክፍል ሁለት አለው አይደል እንዴ!"