ሪያድ ላይ ማህፀን የገባው ብርድ

ለመሆኑ እናንተ፣ ሪያድ በነሐሴ ብርድ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሱለይማኒያ ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩት፣ ዓርብ ዓርብ ባዲዓ ሰፈር በተከራየናት ክፍል የምናገኛቸው እትዬ ዘውዴ ያምናሉ። በእሳቸው ትምህርት ማህፀን በር የሌለው ቤት ነው፤ ብርድ ከሰድሩ በእግር ጫማ ይገባል፣ በጉልበት ያልፍና እዚያ ይሰፍራል። የወር አበባ ዘገየ? ብርድ ነው። በዛ? ብርድ ነው። አላረገዝሽም? ካልሲሽ የት አለ?

የክፍላችን ልጅ ሰላም ግራ ጎኗን ይዛ ስትንከባለል፣ እኔ «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ስል፣ እሳቸው ተነስተው ማቀዝቀዣውን፣ ያንን አንድ ሙከይፋችንን፣ አጠፉት። በነሐሴ! እኛ በላብ ስንቀልጥ ሰላም ላይ ብርድ ልብስ ተደረበ።

«እትዬ፣ እዚያ ጋ እኮ እንቁላል የሚያመርት አካል አለ፤ እሱ ታሞ ቢሆንስ?»

«አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ኸላስ፣ በቃ ብዬ የሰላምን ላብ መጥረግ ጀመርኩ።

ሰላም ራሷን ስታ ስትወድቅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። በግራ በኩል ባለው የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ብርቱካን የሚያህል ውሃ የቋጠረ እጢ ተገኘ። በቀዶ ጥገና ወጥቶላት ተረፈች። እኔ ሞኟ፣ እትዬ ዘውዴ ሊጠይቋት ሲመጡ፣ ዛሬስ አፋቸውን ይይዛሉ ብዬ ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ወደ ሰላም ዞሩ።

«አላልኩሽም? ውሃ ነው አለች እኮ! ብርዱ ቀልጦ ነው።»

ከቦርሳቸው የሱፍ ካልሲ አወጡ። እባክሽ እህቴ ንገሪያቸው ብዬ ሰላምን ባያት፣ እግሯን ዘርግታ እየጠበቀች ነው።