ክቡር አልፈራሁም

አስፈሪ ታሪክ በሚነበብበት ቦታ ሁሉ አንድ የማይፈራ አንባቢ አይጠፋም። ሌላው ትራሱን አቅፎ ሲንቀጠቀጥ እሱ መነጽሩን ጠርጎ ስህተት ይፈልጋል። ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ከተማውን ቢያጥለቀልቁት እንኳ፣ "በየትኛው በር ነው የወጡት?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይሮጥም። እናንተም አንድ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ። የእኛው ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። አስተያየታቸውን ሁልጊዜ በአንዲት ቃል ስለሚዘጉ፣ ስማቸው "ክቡር አልፈራሁም" ሆኖ ቀርቷል።

እኔን አስፈሪ ታሪክ ወደሚጻፍበት የስልክ ግሩፓችን ያስገባችኝ ፋርማሲስቷ የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዬን ልብስ ስሰፋ የኖርኩ፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት መናገር አይሆንልኝም። እዚያ ግን ዝም ብሎ ማንበብ ይቻላል። አስፈሪ ታሪክ የሚወዱ መቶ ምናምን ሰዎች ስለ አንድ ባዶ ቤት ተራ በተራ ይጽፋሉ፤ አንዱ ያቆመበትን ሌላው ይቀጥላል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። አንድ ክፍል በወጣ ማግስት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ሦስት አስተያየት ካላገኘ ከታሪኩ ይሰረዛል። የልብና የአውራ ጣት ምልክት አይቆጠርም። የጸሐፊው ዘመድ የጻፈውም አይቆጠርም።

ክቡርነታቸው አስተያየታቸውን በአንድ ላይ ጽፈው አያውቁም። አንዱን ስህተት ጽፈው ይልካሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ስልኬ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ሲል እሳቸው መሆናቸውን አውቄ ድምፁን እቀንሳለሁ። አንድ ቀን የግሩፑ አስተዳዳሪ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ትዕግሥቱ አልቆ፣

"አባባ፣ አንድ ላይ ቢልኩልን ምናለ?" አላቸው።

"በመሥሪያ ቤታችን አንድ ብልሽት፣ አንድ ወረቀት ነበር" ብለው መለሱ። "ሁለት ብልሽት አንድ ወረቀት ላይ የጻፈ አንዱን ሳይጠግን ይሄዳል።"

መምህሩም ተሸንፎ እያንዳንዷን ወረቀታቸውን እንደ አንድ አስተያየት ለየብቻ መቁጠር ጀመረ።

አንዲት ነርስ ራስ ስለሌለው ሰውዬ የጻፈችውን መቼም አልረሳውም። ሰውዬው እያለቀሰ የምድር ቤቱን ደረጃ ይወጣል። እኔ እግሬን ከወለሉ ላይ አንሥቼ ነበር ያነበብኩት። ጢን።

"አንድ። ራስ ከሌለው በምን አለቀሰ? አልፈራሁም።"

"አባባ፣ ምናብ እኮ ነው!" አለች ነርሷ።

"ልጄ፣ ምናብም ቢሆን ለማልቀስ ዓይን ያስፈልገዋል።"

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ፤ ነርሷ ግን ሁለት ቀን አኩርፋ ቆየች። በኋላ ተራው የደረሰው ሰው ምን አማራጭ አለው? ሰውዬውን ራሱን በብብቱ ሥር አሸክሞ አመጣው፤ የሚያለቅሰውም ያ ራስ ሆነ። ይሄኛው የባሰ አስፈሪ ሆኖ አረፈው።

የባንክ ሠራተኛው ደግሞ አምፖሉ "እያቃሰተ ጠፋ" ብሎ ቢጽፍ፣ ስንት ዋት እንደሆነ ጠይቀውታል። ምስኪኑ ልጅ ገበያ ሄዶ አጣርቶ መጣ።

አንድ እሑድ ከሰዓት የከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ተሰብስበን አዲሱን ክፍል ጮክ ብለን አነበብን። ክቡርነታቸውን በአካል ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። አጠር ያሉ ሰው ናቸው፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከእስክሪብቶው ጎን የኤሌክትሪክ መፈተሻ ሰክተዋል። ስሜት እንዲሰጥ ተብሎ መጋረጃው ተዘግቶ መብራቱ ሲጠፋ፣ አንባቢው ገና "የምድር ቤቱ በር..." ከማለቱ መብራቱ ቦግ አለ። ክቡርነታቸው ማብሪያው አጠገብ ቆመዋል።

"ላላ ብሏል" አሉ፣ ማብሪያውን ጠበቅ እያደረጉ። "ሰው ይይዛል። አልፈራሁም።"

እኔ ያስተዋልኩት ሌላ ነው። ወንበራቸውን ከሁላችንም ለይተው ያስቀመጡት በሩ ሥር ነበር። ግን ለማን እናገራለሁ?

ከዚያ የእህቴ ልጅ ነካካችኝ። "አክስቴ፣ አንቺም ጻፊ። ስንት ዓመት የሰው ገላ ስትለኪ ኖረሽ የምትነግሪን ታጫለሽ?"

ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባዶው ቤት ፎቅ ላይ ያለች የእግር ስፌት መኪና ማንም ሳይነካት መስፋት ትጀምራለች። እዚያ ያደረች አንዲት ሴትዮ፣ የእግር መኪና መሆኗን እንኳ በድንጋጤ ረስታ፣ ሮጣ ቆጣሪውን ታጠፋለች፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ፔዳሉ ግን መውጣት መውረዱን አያቆምም። በማግስቱ አንድ ቀሚስ ተሰፍቶ አልቆ ይገኛል። ስትለካው ልክክ ይላል፤ ትከሻው፣ ወገቡ፣ የግራ ክንዷ ከቀኙ ማጠሩ እንኳ አልተረሳም። ከኋላ ግን ክፍት ነው፣ መዝጊያ የለውም፤ የሞተ ሰው አልብሰው የሚቀብሩበት እንጂ የሚወለቅ ልብስ አይደለም።

ቅዳሜ ማታ ተለጠፈ። እሑድ የዋንጫ ጨዋታ ነበርና አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ዋለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድም አስተያየት የለም። አሥር ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ለሰው ያሳየሁት የመጀመሪያ ጽሑፍ ሊሰረዝ ነው። የእህቴ ልጅ ደወለች።

"አክስቴ፣ አይዞሽ፣ ኳሱ ነው እኮ!"

"ምን ቸገረኝ" አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ እጅጌ እየሰፋሁ እየተረተርኩ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጢን።

"አንድ። ቆጣሪው በረንዳ ላይ ነው ተብሏል። ዝናብ የሚመታው ቦታ ቆጣሪ አይሰቀልም።"

ጢን።

"ሁለት። ክፍል አምስት ላይ ቤቱ ፎቅ አልነበረውም። መኪናዋ ያለችው የት ነው?"

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አፈጠጥኩበት። ሌላ ጊዜ ሰባት ስምንት የሚልኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ሁለት ብቻ? አሥራ አንድ ተኩል አለፈ። ምነው ሌላ ነገር ባበላሸሁ ኖሮ አልኩ። የእህቴ ልጅ እንደገና ደውላ፣ "እየጻፉ ነው ይላል! ደግሞ አቆሙ! ደግሞ ጀመሩ!" እያለች ትጮህብኛለች። ለአሥራ ሁለት አራት ደቂቃ ሲቀር፣ ጢን።

"ሦስት። ብልሽት አላገኘሁም። የባለቤቴን የስፌት መኪና ከመኝታ ቤታችን አውጥቼ ኮሪደር ላይ አድርጌያታለሁ። ባለቤቴ ለምን አለችኝ፤ ለጽዳት ነው አልኳት።"

ጠበቅኩ። ያቺ የመዝጊያ ቃላቸው አልመጣችም።

መምህሩ፣ "ሦስት ሞልቷል፣ ይቀጥላል" ብሎ ጻፈ። እኔም በግሩፑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ስለ ቆጣሪው ልክ ነዎት፤ አስተካክላለሁ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ክፍል ጽፌያለሁ። የስልኬን ድምፅ አልቀንስም። ክፍሉን ጨርሼ ከመላኬ በፊት ደግሞ መለስ ብዬ እፈትሸዋለሁ፤ ሦስት ስህተት ከሌለው እጨምርበታለሁ። አንዱን ሁልጊዜ ከመብራት አደርገዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ይላቸዋል።