አያ አለነ ድምፁን አልወደዱትም

በየሰፈሩ አንድ በጤና የማያምን ሰው አለ። «ደህና ነኝ» ስትሉት ፊታችሁን ትክ ብሎ ያይና «አይመስለኝም» ይላችኋል። ከከሳችሁ ምን ነካችሁ ይላል፤ ከወፈራችሁም እብጠት ነው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰፈሩ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው።

አዘዞ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ አለነ ናቸው። እሳቸው ግን ሰውን ለሌሎች ትተው የሚያክሙት በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነገር ሁሉ ነው። ሙያቸው ጥምጠማ ነው፤ የተቃጠለ ሞተርና ትራንስፎርመር ይፈቱና፣ ቄስ ጥምጥሙን እንደሚያስተካክል፣ በብረቱ ዙሪያ አዲስ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማሉ። በዚህ ማንም አያማቸውም። የሚታሙት ያልተቃጠለውንም በመፍታታቸው ነው። ጆሯቸውን ጠጋ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «ድምፁን አልወደድኩትም» ይላሉ። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዕቃውን ታቅፎ መሮጥ አለበት።

አንድ ቀን የይበልጣልን ወፍጮ ከበር ላይ ቆመው አዳመጡና ድምፁን አልወደዱትም። ይበልጣል ሳቀባቸው። ሞተሩ በዓመቱ ሲቃጠል አያ አለነ ማንም ሳይጠራቸው ደረሱና «ብዬ ነበር» አሉ። ዓመት ሙሉ ተራራ የሚያህል እህል የፈጨ ሞተር አንድ ቀን መቃጠሉ የማይቀር መሆኑን የሚያነሣ አልተገኘም፤ ነቢይነታቸው በዚያው ጸና።

ሌላ ጊዜ ለእህታቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ከሽማግሌዎች ጋር ጠዳ ወረዱ። ዋናው ሽማግሌ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ፣ አያ አለነ ከቴሌቪዥኑ ሥር እዝዝ የሚለውን ስታብላይዘር ያዳምጡ ነበር። ነገሩ ምርቃት ላይ ሲደርስ ስታብላይዘሩ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። የልጅቱ አባት እንደ ወጉ ቀጠሮ ሳያበዙ በዚያው ቀን እሺ ያሉት፣ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ እንዳይመለሱባቸው ነው ይባላል።

የዓይናለምን ያህል አሳራቸውን የቀመሰ ግን የለም። ዓይናለም ከአያ አለነ ቤት ፊት ለፊት በርና መስኮት ትበይዳለች። የብየዳ ማሽኗን የጠመጠሙላት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህም ማሽኑን የሸጡት ሳይሆን የዳሩት ይመስላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው ሳያዳምጡት አይውሉም።

የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ኃይል ቮልቱን አውርዶ አምፔሩን ያበዛዋል፤ ብረት የሚያቀልጠው የአምፔሩ ብዛት ነው። በሁለት ጥቅል ሽቦዎች መሃል ደግሞ የምትንሸራተት የብረት እምብርት አለችው። ዓይናለም መዘውሩን አዙራ እምብርቷን ስታስገባ እሳቱ ይለዝባል፣ ስታስወጣት ይበረታል። ለወፍራም ቱቦላሬ ታስወጣታለች፤ ለስስ ላሜራ ታስገባታለች። እምብርቷ እንድትንሸራተት ዙሪያዋን ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋታል፤ ክፍተት ስላለም ትንቀጠቀጣለች፣ ታጉረመርማለች። አያ አለነ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ያችን ጉርምርምታ አልወደዷትም።

ለጥር ንግሥ የደብሩን የግቢ በር እንድትሠራ ዓይናለም ታዘዘች። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ሴት የበየደችው በር ነፋስ ይችላል ወይ እያሉ ስላጉረመረሙ፣ በሩ ለንግሡ ካልቆመ ሌላ ትልቅ ሥራ እንደማታገኝ አውቃዋለች። ንግሡ ሲቃረብ የቀረው ከላይ የሚገባው የላሜራ መስቀል ብቻ ነበር። ቁልፏን ለአያ አለነ ሰጥታ ኤሌክትሮድ ልትገዛ ጎንደር ከተማ ወጣች። ለድመት ሥጋ አደራ የሰጠች ያህል መሆኑን የተረዳችው ስትመለስ ነው።

የሥራ ቤቷ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተታት። በደጅ የሚያልፉ ሴቶች ያማትባሉ። አያ አለነ ማሽኑን ፈትተው፣ እምብርቷን በወይራ ሽብልቅ ወጥረው፣ ክፍተቱን ሁሉ በቀለጠ ጧፍ ደፍነውታል። በኩራት ቆመው ጠበቋት። ንብ የሠራችውን ፋብሪካ አይሠራውም፣ አሁን ድምፁን ስሚው አሏት። እውነትም ማሽኑ በርቶ እንኳ ዝም ብሏል፤ አንድ ሁለት ንቦች ብቻ ይዞሩታል።

ደስ አላትና ኤሌክትሮዱን መስቀሉ ላይ አስነካች። ላሜራው እንደ ቅቤ ቀልጦ መሃሉ ላይ እንቁላል የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። እሳቱን ልታለዝብ መዘውሩን ብትይዝ አልዞር አላት። እምብርቷ እንደ ወጣች ተወጥራ ቀርታለች፤ ማሽኑ የሚያውቀው ያለ የሌለ ኃይሉን ብቻ ሆኗል።

«አያ አለነ» አለች ዓይናለም፣ «ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ።»

አያ አለነ መፍቻቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ዓይናለም ሽብልቁን በመዶሻ ነቅላ፣ ሰሙን ፍቃ፣ ሌላ መስቀል ቆርጣ በየደች። በሩ ለንግሡ ቆመ። ታቦቱ በሥሩ ሲያልፍ ነፋስ ይችላል ወይ ያሉት ሰዎች ከሁሉ በላይ እልል አሉ። አያ አለነ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ነበር፤ ሊጠጉት የማይችሉ ይመስል በሩን ከሩቅ አይተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ በመንገዱ ማዶ ሆነ፣ አንገታቸውን ደፍተው። የማንንም ዕቃ ማዳመጥ ስለተዉ ሰፈሩ አረፈ። ፍሪጁ፣ ሬዲዮኑ፣ ወፍጮው ሁሉ ማንም ሳይጠራጠረው ይሠራል። ዓይናለም ብቻ ሥራው አልጥም አላት። የሥራ ቤቱን መጀመሪያ ስትከፍት ማን ሥራ ሰጣት? ደንበኛ የመጣው፣ ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውን አስጠግተው የሚቆሙትን ሽማግሌ እያየ «ይህችስ ከኋላዋ ባለሙያ አለ» ብሎ ነው። ጩኸቱን ሰምታ እሳቱን መለየትም ከእሳቸው ነው የተማረችው። አያ አለነ ናፈቋት፤ እንዲያው በግልጽ ናፈቋት።

አንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቃ የእምብርቷን ማሰሪያ ብሎን አላላችና ማሽኑን አበራችው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከማዶ አያ አለነ ቀጥ አሉ። ሄድ አሉ፣ ተመለሱ፤ መንገዱን ተሻግረው ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እንዴት ነው ድምፁ?» አለቻቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊታቸው ተጨማደደ። ሊናገሩ ሲሉ ዋጡት፤ ደግመው ዋጡት።

«ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ።

በዕድሜያቸው ስለ ምንም ማሽን ብለውት አያውቁም። 

«እኔ ግን አልወደድኩትም» አለች።

አያ አለነ ዓይናቸውን ገለጡ። እሷን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ የላላውን ብሎን አዩ፤ ብሎን በራሱ እንደማይላላ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገባ። ዓይናለም መንገዱን ዘግታ መዳፏን ዘረጋች። ቅር እያላቸው መጀመሪያ ጧፋቸውን አስረከቡ፣ ከዚያ መፍቻቸውን ይዘው ደፉን ተሻገሩ።

«ብዬ ነበር» አሉ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ።