የታሰረው ከበሮ

አሻጥር የሚያነፈንፍ ካድሬ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ወጥ ቢያር አሻጥር፣ አምፖል ቢቃጠል አሻጥር ነበር። ዝናብ ቢዘገይ እንኳ የዝናቡን ግብረ አበሮች ከመፈለግ የሚመለስ አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን መሰንቆ እመታ ነበር። አንድ የክረምት ቀን ለአብዮት በዓል የሚሆን ዘፈን በቴፕ ልንቀዳ አዳራሽ ተሰበሰብን። ከበሮ መቺያችን መኳንንት የሳንጃ ልጅ ነው። ገና ሲጀምር ከበሮው እንደ እርጥብ ጆንያ ድፍን ያለ ድምፅ አወጣ። እርጥበቱ ቆዳውን አላልቶታል።

"ጓድ፣ ትንሽ እሳት ባሞቀው ሸጋ ይሆናል" አለ መኳንንት።

"ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ? ማነው ያላላው?" አለ ካድሬው።

"ምነው ጓድ፣ ዝናቡ ነዋ!"

ሳቅን። ካድሬው ግን አልሳቀም። ከበሮውን እንደ ሐኪም ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው።

"ይህ በአብዮቱ ድምፅ ላይ የተፈጸመ አሻጥር ነው!" አለና መኳንንትን ከነከበሮው በመኪና ጭኖ ወሰደው። እኛም ዘፈኑን በጭብጨባ ቀዳን። ምን እናድርግ?

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ ካድሬው ከበሮውን ይዞ መጣ። ቆዳው ደርቋል፤ በመዳፉ መታ ሲያደርገው አዳራሹን አናጋው።

"አያችሁ ጓዶች? ከበሮው ታርሟል!"

አጨበጨብን።

"መኳንንትስ፣ ጓድ?" አልኩት።

"እሱ ገና ነው" አለና ከበሮውን አብሮት ለመጣው አዲስ መቺ አቀበለው።